«ዲመር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነሥሩ ለመረዳትና በአማርኛ በትክክል ለመመለስ፦ የአሠራር መመሪያ

በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆች፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ወረቀት የደረሳቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዲመር ማለት ተቃወመ ማለት ነው አይደል?» መልሴ ሁልጊዜ «በከፊል» ነው። ያ «በከፊል» ግን ብዙ ያበላሻል። ዜና ላይ አንድ ባለሥልጣን «ዲመርድ» (የግሱ ኃላፊ ጊዜ ነው) ተብሎ ተጽፎ እኛ «አጥብቀው ተቃወሙ» ብለን ከመለስነው፣ ሰውየውን ያልተናገሩትን አናገርናቸው ማለት ነው። ጥያቄው በመጣ ቁጥር የምሰጠውን ማብራሪያ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ይህ ግስ መጀመሪያ «ዘገየ፣ ቆየ» ማለት ነበር። የተቃውሞ ትርጉም የያዘው በኋላ ነው፤ ያም ተቃውሞ ዛሬም የመዘግየት ጠባዩን አለቀቀም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅ ወይም የሎንግማን ይሆናል፤ ሦስቱም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ።
- ሥርወ ቃል የሚሰጥ ምንጭ። የመሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በየቃሉ ሥር አጭር የሥርወ ቃል ማብራሪያ አለው። «ኤቲምኦንላይን» የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ በዚሁ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው።
- እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስ መዝገበ ቃላት። የቮልፍ ሌስላው የ1973 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚያሳይ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል። ከሌለዎት ሥራው አይቆምም፤ ደረጃ 7 ላይ ያለ እሱ የሚሠራበትን መንገድ አሳያለሁ።
- ቃሉን ያገኙበት ሙሉ ጽሑፍ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከተላከልዎ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንቀጽ ይጠይቁ። ያለ እሱ ደረጃ 6ን መሥራት አይቻልም።
- ወረቀትና እርሳስ። የቃሉን ዘመዶች እየጻፉ ማገናኘት በጭንቅላት ብቻ ከመያዝ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ፊደሉን በጣትዎ እየነኩ ይቁጠሩ

ቃሉ አምስት ፊደል ነው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤም፣ ዩ፣ አር። መጨረሻው ላይ ሌላ «ኢ» ካለ ቃሉ ተለውጧል። ያኛው «ዲምዩር» የሚባል ቅጽል ነው፤ ትርጉሙም «ጭምት፣ ቁጥብ፣ አንገቷን የደፋች» ወደሚለው ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በቲክቶክ ምክንያት እጅግ ተወርቶለት «ዲክሽነሪ ዶት ኮም» የዓመቱ ቃል አድርጎ የመረጠው ይህን ቅጽል ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል።

ይህ ደረጃ መጀመሪያ የመጣው ምክንያት አለው። አንዷን «ኢ» ሳያዩ ካለፉ ቀጥሎ የሚከፍቱት መዝገበ ቃላት ስለ ሌላ ቃል ይነግርዎታል፤ የሚነግርዎትም ልክ ስለሆነ ስህተቱ አይታወቅዎትም።

ለኃላፊ ጊዜ ሲጽፉ «አር» ይደገማል። በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ የድምፅ ጫና የሚውልባቸው እንደ «ሪፈር»፣ «ኦከር»፣ «ፕሪፈር» ያሉ ግሶች የሚከተሉት ሕግ ነው። አንድ «አር» ብቻ ካዩ ጸሐፊው ተሳስቷል ወይም ከቅጽሉ ጋር አደባልቆታል።

ደረጃ 2፦ ድምፁን ይለዩ

ጫናው በሁለተኛው ክፍል ላይ ይውላል፦ ዲ-መር። ጸጉራም ቆዳ ከሚባለው «ፈር» ጋር ቤት ይመታል። ቅጽሉ ግን «ንጹሕ» ከሚባለው «ፒዩር» ጋር ነው ቤት የሚመታው። በስብሰባ ወይም በሬዲዮ እየሰሙ የሚተረጉሙ ከሆነ ከጆሮዎ በቀር መለያ የለዎትም። ስለዚህ የመዝገበ ቃላቱን የድምፅ ምልክት ተጭነው ሁለቱን አከታትለው ይስሙ።

ደረጃ 3፦ ግሱ ከምን ጋር እንደሚቀመጥ ይዩ

የተማሪዎች መዝገበ ቃላቱን ይክፈቱና ትርጉሙን ከማንበብዎ በፊት ምሳሌዎቹን ያንብቡ። የሚያገኟቸው አቀማመጦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ብቻውን ይቆማል። ሰውየው ተጠየቀ፤ «ዲመርድ»፤ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛ፣ «አት» ወይም «ቱ» የሚሉትን መስተዋድዶች አስከትሎ የሚያንገራግርበትን ነገር ይጠራል። «ዲመር አት» በዕለታዊ ጽሑፍ ይበዛል፤ «ዲመር ቱ» በሕግ ሰነድ ላይ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተናጋሪው ቃል በኋላ ይመጣል። «ባይሆን ይሻላል» የሚል ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ይቀመጥና «ስትል ዲመርድ» ይላል። በልቦለድ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ይህን ነው።

አራተኛ፣ ስም ሆኖ «ዊዝአውት ዲመር» (ሳያንገራግር) በሚለው ሐረግ ውስጥ ይገባል።

ከእነዚህ አንዱም ቀጥተኛ ተሳቢ የለውም። በእንግሊዝኛ «ሐሳቡን ዲመር አደረገው» አይባልም። ይህን ልብ ማለት የሚጠቅመው ግሱ የሚናገረው ስለ ሰውየው አቋቋም እንጂ በነገሩ ላይ ስለ ወረደ ምት አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። «ተቃወመ» በአማርኛ የሚቃወሙትን ነገር ይጠይቃል፤ «ምንን?» እንላለን። «አንገራገረ» ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። የሰዋስው ጠባያቸው ራሱ ወዴት ማዘንበል እንዳለብን ይጠቁማል።

ደረጃ 4፦ ሥርወ ቃሉን ያፍርሱ

አሁን የሥርወ ቃል ምንጩን ይክፈቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በምልክቶቹ ይደነግጣል፤ ጥቂት ናቸው። «<» ማለት «ከዚህ የመጣ» ነው። «ሲ» ፊደልና ነጥብ ከዓመት በፊት ከመጣ «ገደማ» ማለት ነው። «ኤም-ኢ» የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ፣ «ኦ-ኤፍ» ጥንታዊ ፈረንሳይኛ፣ «ኤ-ኤፍ» በእንግሊዝ ምድር ይነገር የነበረው ፈረንሳይኛ፣ «ኤል» ላቲን ነው። ከቃሉ በፊት ኮከብ ካለ ቃሉ ተጽፎ አልተገኘም፤ ሊቃውንት ከዘመዶቹ ተነሥተው መልሰው የገነቡት ነው ማለት ነው።

ያነበቡትን ከታች ወደ ላይ በወረቀት ላይ ይጻፉት። እንዲህ ይሆናል፦

ሀ. ላቲን «ሞራ»፦ መዘግየት፣ ቆይታ። (ስም ነው።)

ለ. ላቲን «ሞራሪ»፦ መዘግየት፣ ማዘግየት። (ከስሙ የወጣ ግስ ነው።)

ሐ. ላቲን «ዴሞራሪ»፦ «ዴ» የሚል ቅድመ ቅጥያ ተጨምሮበት፣ መቆየት፣ መዘግየት።

መ. ጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ዴሞሬር»፦ መቆየት፣ መሰንበት። የዛሬው ፈረንሳይኛ «ደመሬ» የሚለው ግስ እስከ አሁን «ይኖራል፣ ይቆያል» ማለት ነው። ፓሪስ ወይም ብራስልስ የምትኖሩ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ።

ሠ. እንግሊዝኛ፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን፦ ቆየ፣ ዘገየ።

ረ. እንግሊዝኛ፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን፦ ለመቀበል አንገራገረ፣ ቅር እንዳለው ገለጠ።

ከ«ሠ» ወደ «ረ» እንዴት ተሻገረ? በፍርድ ቤት በኩል ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ነበር። ተከሳሽ የከሳሹን አቤቱታ ሰምቶ «የተባለው ሁሉ እውነት ነው ብለን ብንይዝ እንኳ ሕጉ በዚህ ሊያስከስሰኝ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ፊት አልሄድም፤ እዚህ ቆሜ ዳኛው በሕጉ ነጥብ ላይ እስኪወስን እጠብቃለሁ» ሲል፣ ያ መቆም «ዲመር» ተባለ። ሰውየው ፍሬ ነገሩን አልካደም፤ እምቢም አላለም። ቆመ፤ ጠበቀ። ከዚያ ቃሉ ከችሎት ወጥቶ በተራ ንግግር አንድ ሐሳብ ሲቀርብለት «ቆይ እስኪ» ብሎ ለሚቆም ሰው ዋለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላቲን ወዲያ አይሂዱ። ከዚያ በላይ ያለው በኮከብ የተለጠፈ ግንባታ ነው፤ ለትርጉም ሥራ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሥሩን ትርጉም የዛሬው ትርጉም አድርገው አይውሰዱ። «ናይስ» የሚለው ቃል በላቲን ሥሩ «የማያውቅ» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ማንንም «ናይስ ነህ» ብንለው መሃይም ማለታችን አይደለም። ሥሩ የሚያገለግለን የዛሬውን ትርጉም ቃና ለመለካት ነው። ሆኖም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፈ እንግሊዝኛ እየተረጎሙ ከሆነ «ቆየ» ትክክለኛው መልስ ሊሆን ይችላልና የጽሑፉን ዘመን ይመልከቱ።

ደረጃ 5፦ የቅርብ ዘመዶቹን ያገናኙ

ቃል በዘመዶቹ ይታወሳል። ከወረቀትዎ መሃል «ሞራ፣ መዘግየት» ብለው ይጻፉና ከሥሩ እነዚህን ያውጡ።

ዲመሬጅ። ከአስመጪ ወይም ከትራንዚተር ጋር ውለው የሚያውቁ ከሆነ ይህን ቃል ለማብራራት አልደክምም። ጅቡቲ ላይ የቆመ ኮንቴይነር የተሰጠው ነጻ ጊዜ ሲያልቅ በየቀኑ መቁጠር የሚጀምረው ክፍያ ነው። የመርከብ ኪራይ ውል ላይም አለ፦ ተከራዩ ጭነቱን በተስማሙበት ጊዜ ውስጥ ጭኖ ወይም አራግፎ ካልጨረሰ ለባለ መርከቡ የሚከፍለው ነው። በአንዳንድ ሰነዶች ከ«ዲቴንሽን» ተለይቶ ይጻፋል፤ ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ ለቆየበት፣ ዲቴንሽን ደግሞ ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ለቆየበት ነው። የመዘግየት ክፍያ ነውና ሥሩ ወለል ብሎ ይታያል። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ግሱን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ መንጠቆ አታገኙም፦ ዲመሬጅ ጭነት ሲቆም፣ ዲመር ሰው ሲቆም።

ዲመረር። ከላይ የነገርኳችሁ የፍርድ ቤቱ መቃወሚያ ስም ነው። መጨረሻው «-ር» ስለሆነ ብዙዎች «የሚያንገራግር ሰው» ብለው ያነቡታል። በሕግ ሰነድ ላይ ግን ሰው አይደለም፤ ሰነዱ ወይም አቤቱታው ነው። መጨረሻው የመጣው ከፈረንሳይኛ ንዑስ አንቀጽ (እንደ «መቆየት» ካለው የግስ መጠሪያ) ነው፤ «ዌቨር» እና «ሪማይንደር» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ወደ አገራችን የፍትሐ ብሔር ክርክር ስናመጣው በጣም የሚቀርበው «ክሱ የክስ ምክንያት የለውም» የሚለው መቃወሚያ ነው፤ እሱም የከሳሽ ፍሬ ነገር እውነት ነው ተብሎ ቢያዝ እንኳ በሕግ መብት አይሰጥም የሚል ነው።

ሞራቶሪየም። የብድር ክፍያ ወይም የአንድ ቅጣት አፈጻጸም ለጊዜው ይቁም ሲባል የምንሰማው ቃል ነው። ከዚያው «ሞራሪ» ነው የመጣው።

ሬሞራ። በትልልቅ ዓሣዎችና በጀልባ ሥር የሚለጠፍ የባሕር ዓሣ ነው፤ ራሱ ላይ መምጠጫ አለው። የጥንት ሮማውያን መርከብ ያዘገያል ብለው ያምኑ ስለነበር «ማዘግየት» የሚል ስም ሰጡት።

ማስጠንቀቂያ ለባሕር ማዶ አንባቢዎች፦ እንግሊዝ «ዲመረር»ን በ1883፣ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ በ1938 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ትተውታል። በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ግን ዛሬም ይሠራበታል፤ ሁለቱም የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። ክስ መሥርተው በምላሹ በዚህ ስም የተጠራ ወረቀት ከደረሰዎት «ተከሳሹ ቅር ብሎታል» ብለው አያስቀምጡት። ክስዎ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ እንዲወድቅ የቀረበ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም ተቆርጦለታል። ቀኑን ይፈልጉና ያንኑ ዕለት ለጠበቃ ያሳዩ። ለእናት ለአባትዎ እያነበቡላቸው ከሆነም ከትርጉሙ በፊት ቀኑን ይንገሯቸው።

ሐሰተኛ ዘመዶችንም በዚሁ ወረቀት ጥግ ይጻፉና ይሰርዟቸው። «መርመር» (አጉረመረመ) ድምፅን አስመስሎ የተፈጠረ ቃል ነው፤ ዝምድና የለውም። «ሚዩራል» (የግድግዳ ሥዕል) ግድግዳ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በፈረንሳይኛ «ሚዩር» ግድግዳ ስለሆነ «ዲመር ማለት ከግድግዳው የማይነሣ ነው» የሚል ማብራሪያ የሰማ ሊኖር ይችላል፤ ጨዋታው ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ደረጃ 1 ላይ ያየነው ቅጽል፣ «ዲምዩር»፣ ብቻ አከራካሪ ነው። ከ«መብሰል» ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ከ«መቆየት» ጋር የሚያገናኙትም አሉ። ስለዚህ አይሰርዙት፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

ደረጃ 6፦ ጥንካሬውን ይለኩ

ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው ትርጉም የሚበላሸው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። በጽሑፉ ላይ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

መጀመሪያ፣ ከግሱ በፊት ምን ቀረበ? ዲመር ሁልጊዜ መልስ ነው። ሐሳብ፣ ግብዣ፣ ጥያቄ፣ ውዳሴ ወይም ትእዛዝ ይቀድመዋል። ያ ምን እንደሆነ ካላወቁ ሰውየው ምን ላይ እንዳንገራገረ አያውቁም።

ቀጥሎ፣ ከግሱ በኋላ ምን ሆነ? ያንገራገረ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ጥቂት ተለምኖ ይቀበላል፣ ወይ ነገሩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ከኋላው ሰልፍ፣ ጩኸት ወይም ስብሰባ ጥሎ መውጣት ካለ እንኳ ያ ጥንካሬ የሌላ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወደዚህ ግስ አይጎትቱት።

በመጨረሻ፣ መለዋወጥ ይሞክሩ። በግሱ ቦታ «ኦብጀክትድ» (ተቃወመ) ብለው ያንብቡ። ዓረፍተ ነገሩ ከአካባቢው ይልቅ ከጠነከረ ጸሐፊው ዲመርን የመረጠው አውቆ ነው፤ እርስዎም ያንን ልስላሴ መጠበቅ አለብዎት። ከዚያ «ሄዚቴትድ» (አመነታ) ብለው ያንብቡ። አሁን ደግሞ ከላላ፣ ሰውየው በልቡ ማመንታት ብቻ ሳይሆን ቅሬታውን በሆነ መልክ አሳይቷል ማለት ነው። ዲመር የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው፦ ካመነታ ይበልጣል፤ ከተቃወመ ያንሳል።

ደረጃ 7፦ የአማርኛውን ቃል ይምረጡ

ለዚህ ግስ አማርኛ ድሃ አይደለም። እንዲያውም በትክክል የሚገጥም ቃል አለን፦ አንገራገረ። አካሄዱን አቁሞ ወደ ፊት ላለመሄድ የሚያሳየው እምቢተኝነት፣ ግን ገና ያልቆረጠ እምቢተኝነት፣ በውስጡ አለ። «ዊዝአውት ዲመር» የሚለውን ሐረግ ደግሞ «ሳያንገራግር» አንድም ነገር ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመልሰዋል። መዝገበ ቃላት ባይኖርዎትም በዚህ ይጀምሩና ዓረፍተ ነገሩ ካልተቀበለው ወደ ሌላው ይሂዱ።

ግሱን እንዳለ ትቼ ዙሪያውን በአማርኛ ላስቀምጥና አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሊቀ መንበሩ ስብሰባው እሑድ ይሁን አሉ፤ ሁለት አባላት ዲመርድ።» እዚህ «ሁለት አባላት አንገራገሩ» ይበቃል። «ሁለት አባላት ውሳኔውን ተቃወሙ» ካልን ሁለት ስህተት ሠራን፦ ገና ሐሳብ የሆነውን ውሳኔ አደረግነው፤ ሰዎቹንም ተቃዋሚ አደረግናቸው። ቃለ ጉባኤ ላይ ይህ ልዩነት በኋላ ሊያጣላ ይችላል።

«ጋዜጠኛው በምርጫው ይወዳደሩ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ዲመርድ።» የአሜሪካ ጋዜጦች ግሱን በዚህ መልክ አዘውትረው ይጠቀሙበታል። ሰውየው አልተቃወሙም፤ የሚቃወሙት ነገርም አልቀረበላቸውም። «ቁርጥ ያለ መልስ ከመስጠት ተቆጠቡ» ነው። «ጥያቄውን ተቃወሙ» ከተባለ ዜናው ሌላ ዜና ሆነ።

«ሥራው ሁሉ የአንቺ ነው ብለው አመሰገኗት፤ ዲመርድ።» ይሄ የትሕትና ማንገራገር ነው። «ኧረ የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው አለች» ብሎ ወደ ንግግር መመለስ ከሁሉ ይሻላል። ማዕድ ላይ እንግዳ «ይድገሙ እንጂ፣ በሞቴ» ሲባል «ኧረ በቅቶኛል» የሚለው ይህንኑ ነው፤ ያንን ትዕይንት በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ዲመርን ሊመርጥ ይችላል። ለዚያ እንግዳ «ተቃወመ» ማለት በአማርኛ እንዴት እንደሚሰማ ያስቡት።

«ውሉን ዊዝአውት ዲመር ፈረመ።» «ሳያንገራግር ፈረመ።» «ያለ ተቃውሞ ፈረመ» ስህተት ነው አልልም፤ ግን ማንም ያልተቃወመው መስሎ ሌሎች ሰዎችን ወደ ትዕይንቱ ያስገባል።

«ተከሳሹ ለክሱ ዲመርድ።» ይህ ብቻ ከላይ ካሉት ሁሉ ይለያል። በሕግ ሰነድ ላይ ከሆነ «ክሱ በሕግ የክስ ምክንያት የለውም ሲል መቃወሚያ አቀረበ» ይበሉ። እዚህ ላይ «አንገራገረ» ካሉ አንባቢው ሰውየው ፍርድ ቤት ለመቅረብ እንደለገመ ይገባዋል።

ሌሎች ቃሎቻችንን ደግሞ እንዲህ ለይተው ይያዙ። «አመነታ» እና «አቅማማ» ልብ ለሁለት መከፈሉን ይናገራሉ፤ ቅሬታው ውጭ ላይታይ ይችላል። «ቅር አለው» ስሜቱን ይናገራል፤ ሰውየው ግን ተቀብሎም ቅር ሊለው ይችላል። «አጉረመረመ» ድምፅ አለው፤ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። «እምቢ አለ» በሩን ይዘጋል።

ደረጃ 8፦ መልሰው ይፈትሹ

ትርጉሙን ከጨረሱ በኋላ እንግሊዝኛውን ይሸፍኑና አማርኛውን ብቻ ያንብቡ። ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህን ሰው ነገ ባገኘውና «አዎ ብለሃል ወይስ አይደለም?» ብለው፣ በጽሑፉ መሠረት ምን ይመልሳል? «ገና ነኝ» ወይም «ደስ አላለኝም» ካለ ትክክል ነዎት። «አይደለም፣ አልኩ እኮ!» ካለ ከመጠን በላይ አጠንክረውታል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ዲመር»ን ከ«ዲመር አት» ለይቶ አለማየት። መስተዋድዱ ካለ የተንገራገረበት ነገር ተጠርቷልና በትርጉሙ መታየት አለበት፤ «ሐሳቡን ለመቀበል አንገራገረ» ይባላል። ከሌለ ከራስዎ አይጨምሩ።

«አጥብቆ» የሚል ተውሳከ ግስ መጨመር። «አጥብቆ አንገራገረ» በአማርኛም አይጥምም፤ በእንግሊዝኛውም ግሱ የሚወዳጀው «በለዘብታ»፣ «በትሕትና» ከሚሉት ጋር ነው።

በራስ ጽሑፍ ላይ ያለ ቦታው መጠቀም። ለፈተና ድርሰት የሚጽፉ ተማሪዎች «ዲስአግሪ»ን መድገም ሲሰለቻቸው ዲመርን ይተኩበታል። «በዚህ አባባል ፈጽሞ አልስማማም» ለማለት ከሆነ ዲመር አይሆንም፤ አቋምዎን ያላላዋል፤ ፈታኙም ቃሉን እንዳልተረዱት ያያል። በውይይት ላይም ለራስ «አይ ዲመር» ማለት መደበኛና የመጽሐፍ ድምፅ አለው፤ ጎረቤት ለጎረቤት አይጠቀምበትም።

በማሽን ትርጉም መታመን። ከነጠላ ቃል የሚነሣ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘውን የተቃውሞ ቃል ይሰጥዎታል። በደረጃ 6 ሳያሳልፉ አይቀበሉት።

የዓመቱን ቁጥር ማጋነን። መዝገበ ቃላት የሚሰጠው ዘመን ቃሉ ተጽፎ የተገኘበት የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ሰው ከዚያ በፊት አይናገረውም ነበር ማለት አይደለም፤ «በዚህ ዓመት ተፈጠረ» ብለው አይጻፉ።

ደረጃ 9፦ አሠራሩን በሌሎቹ የተቃውሞ ግሶች ላይ ይድገሙት

አንድ ግስ ላይ ብቻ ከቆሙ መንገዱ በእጅዎ አይገባም። በሦስት ይሞክሩ።

«ኦብጀክት»። ላቲኑ «ፊት ለፊት መወርወር» ነው። አንድ ነገር አንሥቶ በሌላው መንገድ ላይ መጣል ስለሆነ «ተቃወመ» ወይም «መቃወሚያ አቀረበ» በደንብ ይሸከመዋል። በችሎት ጠበቃው ብድግ ብሎ የሚለውም ይህንኑ ነው።

«ፕሮቴስት»። ላቲኑ «በሰው ፊት መመስከር» ነው። ይህ ሥር ካልታወቀ አንድ መጥፎ ወጥመድ አለው። በእንግሊዝኛ አንድ እስረኛ ንጽሕናውን «ፕሮቴስት አደረገ» ሲባል ንጽሕናውን አልተቃወመም፤ ንጹሕ መሆኑን አጥብቆ ተናገረ። «ንጹሕ ነኝ እያለ ጮኸ» ወይም «ንጹሕ መሆኑን ደጋግሞ አስረዳ» ይበሉ።

«ዲሴንት»። ላቲኑ «ለየት አድርጎ ማሰብ፣ መሰማት» ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከብዙኃኑ ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚጽፈው ይህንን ነው። «ዳኛው ፍርዱን ተቃወሙ» እያልን የምንተረጉም አለን፤ የእኛ ችሎቶች ግን ለዚሁ ነገር ከቆየ ጀምሮ የሚጽፉት «የሐሳብ ልዩነት» ነው። ሥሩንም ሥራውንም ስለሚይዝ እሱን ይውሰዱ።